የ«ኛ» ቆብ

«ጥገኛ አለብኝ እኮ እህቴ፣ ልጅቷን የት ላስተኛት?»

ልብስ ሰፊዋ ይህን የሰማችው ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ፊቷን ልትታጠብ በኮሪደሩ ስታልፍ ነው። የወንድሟ ሚስት ወጥ ቤት ቆማ ከእህቷ ጋር በስልክ እያወራች ነበር። የእህቷ ልጅ ለትምህርት መጥታ እነሱ ዘንድ ልታርፍ ፈልጋለች፤ ያለው ትርፍ ክፍል ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ተይዟል። ነገሩ በክፋት አልተባለም። ሴትዮዋ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል አጣብቃ ሽንኩርት እየላጠች፣ «ዛሬ ሐሙስ ነው» እንደሚባለው አድርጋ ነው ያለችው። ያስከፋትም ይኸው ነበር። በንዴት የተባለ ቃል ንዴቱ ሲበርድ አብሮ ይበርዳል፤ እንዲህ እንደ ዋዛ ከአፍ የሚወጣ ግን ብዙ ጊዜ ተብሎ ተብሎ የለሰለሰ ነው። «እንግዳ አለችብኝ» ብትል፣ «የባሌ እህት» ብትል፣ ሥራ ፈት ብላ ብትሰድባት እንኳ ይዋጥ ነበር። «ጥገኛ» ግን ለሰፊዋ ተራ ቃል አልነበረም። ያከሰራት ቃል ነው።

ከዓመት በፊት የራሷ ወርክሾፕ ነበራት። ሁለት የስፌት ማሽን፣ አንድ በኮምፒውተር የሚሠራ የጥልፍ ማሽን፣ በሩ ላይ በራሷ እጅ የተጻፈ ማስታወቂያ። አንድ የሊፍት ጥገና ድርጅት ለሠራተኞቹ ሁለት መቶ አርባ አረንጓዴ ጃኬት አዘዛት፤ ጀርባው ላይ በነጭ ክር በትልቁ «ጥገና» የሚል ጥልፍ እንዲኖረው። ትእዛዙ የመጣው በእጅ በተጻፈ ወረቀት ነበር። ጸሐፊው ከላይ ያለውን ርእስ ሲያሰምርበት እስክሪብቶው አንሸራቶት ይሁን እጁ ሰንፎ፣ መስመሩ ዝቅ ብሎ ወርዶ «ና» አናት ላይ ተቀምጧል። ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው «ና» አናቷ ላይ ቆብ ሲደፋባት «ኛ» ትሆናለች። ሰፊዋ ያየችውን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባች፤ ማሽኑም ለምን ብሎ የማይጠይቅ ነውና የታዘዘውን ሰፋ። ጃኬት ማሽኑ ላይ የሚወጠረው ተዘቅዝቆ ስለሆነ ጽሑፉን ቀና አድርጎ ያነበበው ሰው አልነበረም። እሷ የምታየው ክሩ እንዳይበጠስ፣ ጨርቁ እንዳይሸበሸብ ነው። ሁለት መቶ አርባ ጃኬት፣ ሁለት መቶ አርባ «ጥገኛ»። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አንዱን ብድግ አድርጎ ሠራተኞቹ ፊት ዘረጋና፣ «ልጆቼን ጥገኛ ብለሽ ጻፍሽባቸው?» አላት። ሳቁ እስከ ደረጃው ታች ተከተላት።

ጨርቁ የሷ፣ ክሩ የሷ፣ ስህተቱም የሷ ነው ተባለ። ማሽኖቹ ተሸጡ፣ ወርክሾፑ ተለቀቀ፤ በእጇ የቀሩት ስምንት ጆንያ ጃኬትና «ጥገኛ» የሚል ስም ብቻ ሆኑ። ስም ይወጣል ከቤት ይከተላል ጎረቤት ይባላል፤ የሷ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ስሙን መጀመሪያ ያወጣው ሰፈሩ ነው፤ ቤት ግን ይኸው ዛሬ ጠዋት ገባ።

ፊቷን ታጥባ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ መስኮት፣ አንድ የካውያ ጠረጴዛ፣ አንድ አልጋ። ጆንያዎቹ ሥሩ እንዲገቡ አልጋው በጡብ ስለተደገፈ ለመተኛት ልክ እንደ ፎቅ ወንበር ላይ ቆማ ትወጣ ነበር፤ ጠዋት በድንጋጤ ብድግ ካለች ደግሞ ከጣራው ጋር ትሳለማለች። ስምንት ወር ሙሉ በዚህ ክፍል ውስጥ የሠራችው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ከ«ኛ» አናት ላይ ቆብ ማውለቅ። ሲወራ ቀላል ነው። ጥልፉን ከላይ በምላጭ የነካ ሰው ጨርቁን ይበሳል፤ ስለዚህ ጃኬቱን ገልብጣ ከውስጥ በኩል የታችኛውን ክር አንድ በአንድ ትቆርጣለች፣ ከዚያ የላይኛውን በወረንጦ ትስባለች። ክሩ ሲወጣ መርፌው የበሳቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀራሉ። እነሱን ለመድፈን በእንፋሎት ታለሰልስና በማንኪያ ጀርባ ቀስ እያለች ታሻለች። ይህን ማንም አላስተማራትም። ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ወር ከምናምን ስትሞክር፣ ስታበላሽ፣ ስትናደድ ያገኘችው የራሷ ጥበብ ነው። ከማንኪያው በፊት ሳንቲም፣ ከሳንቲሙ በፊት ጥፍሯን ሞክራለች። ጥፍሯ እስከዛሬ አልዳነም።

ዛሬ ጃኬቶቹ ወደ ከተማው አውቶቡስ ጋራዥ ይሄዳሉ። የጋራዡ መጋዘን ኃላፊ ለጥገና ክፍሉ ሠራተኞች ጃኬት እንደምትፈልግ ሰፊዋ ሰምታ፣ ናሙና ይዛ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ፣ በስንት ልመና «አምጪያቸውና ይታያሉ» አሰኝታለች። ኃላፊዋ ከተረከበች በቂ ነው፤ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ጀርባ ያለችውን ክፍል ትይዛለች፣ የጥልፍ ማሽኗን የገዛውም ሰው እስከ ቅዳሜ ድረስ መልሶ ሊሸጥላት ቃል ገብቷል። ካልተረከበች ግን ቅዳሜም ያልፋል፣ ማሽኑም ይሄዳል፣ ክፍሉም ለተማሪዋ ልጅ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጆንያዎቹን ይዛ የት እንደምትሄድ አላሰበችበትም፤ ያንን ማሰብ የጀመረ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ክር አይፈታም።

ባለ ፒካፑ በአራት ሰዓት መጣና ጆንያዎቹን ሲያይ ዋጋ ጨመረ። «ጃኬት እኮ ነው፣ ሲሚንቶ መሰለህ?» ብትለው፣ «እኔ የምቆጥረው ጆንያ ነው እመቤቴ፣ ሆዱ ውስጥ ያለውን አልጠይቅም» አላት። እሷም የቆጠረችው ጆንያ ነው፤ ሠላሳ ሠላሳ፣ ስምንት ጊዜ። አንዴ የተቆጠረ ይበቃል ብላ ደግማ አልቆጠረችም። ያቺ ስንፍና በኋላ ምን እንደምታመጣባት ገና አላወቀችም። የወንድሟ ሚስት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣችና ሳትጠየቅ የአንዱን ጆንያ ጫፍ ይዛ እስከ በር አገዘቻት። መኪናው ሲነሳም «ይቅናሽ» አለቻት። ሰፊዋ አመሰገነቻት። የጠዋቱ ቃል ግን በሁለቱ መካከል ቆሞ ነበር።

ወንድሟ በማለዳ ወጥቷል፤ ሁልጊዜም በማለዳ ነው የሚወጣው። በጣውላ ግቢ ውስጥ የጫኝና አውራጆች ተቆጣጣሪ ነው፤ ሰው ሲጎድልም ራሱ ይሸከማል። ሲበዛ ዝምተኛ ነው፤ ማታ ገበታ ላይ ሚስቱ ስለ ክፍል ጥበት፣ ስለ ጆንያ፣ ስለ ክር ብናኝ ስታነሳ እሱ ሳህኑን ያያል። ሰፊዋ በልጅነቷ እንደ አባት የምታየው ታላቅ ወንድሟ አንድ ቀን እንኳ «ተይ» ሲል አልሰማችም። ዝምታውን ከሚስቱ ጋር እንደ መስማማት መቁጠር ከጀመረች ቆይታለች። አልጠየቀችውም፤ በዚያ ቤት መጠየቅ ልማድ አልነበረም።

ጋራዡ ሰፊ ግቢ ነው። አውቶቡሶች ሆዳቸውን ከፍተው ቆመዋል፤ መሬቱ በዘይት ጠቁሯል፤ ከመኪና ሥር የሰው እግር ብቻ ይታያል። መጋዘኑ በስተጀርባ ነው፤ እስከ ጣራ የሚደርስ መደርደሪያ፣ የጎማ ሽታ፣ አንድ ትልቅ መስኮትና ከመስኮቱ ሥር አንድ ጠረጴዛ። ኃላፊዋን ሠራተኞቹ «ወይዘሮ ቁልፍ» ይሏታል፤ የመጋዘኑን ቁልፍ ሁሉ በገመድ አስራ አንገቷ ላይ ስለምታንጠለጥል ስትራመድ ትንጫጫለች። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ነጋዴ ሰማያዊ ጃኬት ተረክባ በሁለት ወሩ አመድ መስሎ ነበር። ሠራተኞቹ ያንን እስከዛሬ ይቀልዱበታል፤ እሷ ደግሞ ከዚያ ወዲህ የሰው ቃል አትቀበልም።

ጃኬቶቹን እንዲሁ አላየቻቸውም፤ መረመረቻቸው። ኪሱን ጎተተች፣ ዚፑን ሃያ ጊዜ ሳበች፣ ገልብጣ የስፌቱን ውስጥ አየች። ሰፊዋ የጥልፉን ታሪክ ቀድሞውኑ ሳትደብቅ ነግራታለች። ስለዚህ ወይዘሮ ቁልፍ «ና» ላይ ስትደርስ መነጽሯን ከፍ አድርጋ የፊደሏን አናት በጥፍሯ ደጋግማ ዳበሰች። ምንም የለም። ሌላ አወጣች፤ እሱም ላይ የለም። ከየጆንያው ሥር እየመዘዘች አሥራ አምስት ያህል አየች። ፊቷ አልተፈታም፣ ጥፍሯ ግን ደከመው።

«ቀለሙስ?» አለች በመጨረሻ።

«አይለቅም፣ እትዬ። ጨርቁን እኔው ነኝ የመረጥኩት።»

«ያኛውም አይለቅም ብሎኝ ነበር» አለችና ማስቆጠር ጀመረች።

ያልተለበሰ ጃኬት ቀለሙ እንደማይለቅ በምን ይረጋገጣል? መጋዘን ሠራተኛው እየጮኸ ቆጠረ፤ እስከ ሰባተኛው ጆንያ ደህና ነበር። ስምንተኛው ሃያ ዘጠኝ ላይ አለቀ። ጆንያውን ገልብጦ አራገፈው፤ የወጣው ብናኝ ነው። ወይዘሮ ቁልፍ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ እስክሪብቶዋንም ከደነች። «ሁለት መቶ አርባ ነው ያልሽኝ፣ እኔም ሁለት መቶ አርባ ብዬ ጽፌያለሁ። ቀለሙን አላውቀው፣ ቁጥሩም ጎደለ። ልጄ፣ እኔ አንዴ ተቃጥያለሁ።» ጎደለ የተባለው አንድ ጃኬት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ለመከልከል ምክንያት የሚፈልግ ሰው አንድ ይበቃዋል። የጋራዡ ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ በሩ ላይ ተሰበሰቡ፤ በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፣ ባይቆርጡም ማየት ይወዳሉ።

ሰፊዋ ስልኳን አውጥታ ለወንድሟ ደወለችለት። የጎደለችው ጃኬት አልጋው ሥር ወድቃ እንደሆነ ሚስቱ እንድትፈልግ እንዲነግርላት ነበር አሳቧ። ነገሩን ነገረችው። ከወዲያ ማዶ የመጋዝ ድምፅ ይሰማል።

«እኔ ጋ ናት» አለ። «መጣሁ።»

ጣውላ ግቢው ከጋራዡ ሁለት ፌርማታ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ፈጀበት። ሲገባ መጀመሪያ ያየችው ሰጋቱራ የነሰነሰበትን ጸጉሩን ነው፤ ቀጥላ ጃኬቱን። እጅጌው ጫፍ ላይ ተበልቷል፣ ትከሻው ጣውላ በተሸከመበት በኩል እንደተላገ እንጨት ለስልሷል። በሩ ላይ የተሰበሰቡትን አልፎ ሲገባ ጀርባውን አነበቡት። «ጥገኛ መጣ! ምሳ ደርሷል ማለት ነው» አለ አንዱ፣ ሳቅም ሆነ። ወንድሟ ዞር ብሎም አላየ። ይህን ሳቅ የለመደ ሰው እንደሆነ ሰፊዋ ያን ጊዜ ገባት። አስራ አንድ ወር ሙሉ በጣውላ ግቢ፣ በየቀኑ፣ በወዛደር ሁሉ ፊት። ማታ ማታ እዚያው ምስማር ላይ ሰቅሎት እየመጣ ነው እንጂ ቤትማ አይታው አታውቅም። ማልቀስ ወይም መጮህ አማራት፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እሷም አልለየችውም።

ጃኬቱን አውልቆ አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ሁለት መቶ አርባኛዋ ይቺ ናት» አለ።

«ይሄማ የተለበሰ ነው፤ አልረከብም» አለች ወይዘሮ ቁልፍ። ድምፅዋ ግን እንደ ቅድሙ አልጠነከረም።

ሰፊዋ በርጩማ ስባ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፣ ከቦርሳዋ ወረንጦዋንና ትንሿን መቀስ አወጣች፣ ጃኬቱን ገለበጠችው። ለሽያጭ እንደማይሆን አውቃለች፤ ነገር ግን ወንድሟ ያንን ቃል ተሸክሞ ከዚያ ግቢ እንዲወጣ አልፈቀደችም። ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ የሠራ እጅ ነው፣ አልተንቀጠቀጠም። የታችኛው ክር ተቆረጠ፣ የላይኛው እንደ ነጭ ጸጉር እየተመዘዘ ወጣ። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ፤ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መነጽሩን ፈልጎ አድርጎ ጠጋ አለ። እጅ ሲሠራ ማየት የሚያውቁ ሰዎች ናቸውና ከዚያ በኋላ ማንም አልቀለደም። ቆቡ ወለቀ። ከሥሩ ግን ጣት የምታህል ጠቆር ያለች መስመር ቀረች፤ ክሩ የሸፈነው ጨርቅ ፀሐይ አላየምና እንደ አዲስ አረንጓዴ ነው፣ ዙሪያው ደግሞ ትንሽ ፈዟል። ሰፊዋ መስመሯን ስታይ በሌሎቹ ላይ ያልታየው ስህተት እዚህ ላይ ፊርማውን የተወላት መሰላት። በማንኪያ አይታሽ፣ በእንፋሎት አይጠፋ። ጃኬቱን ልታጥፈው ስትል ወይዘሮ ቁልፍ እጇን ዘረጋች።

«እስቲ ወዲህ በይው።»

መስኮቱ ጋ ወስዳ መስመሯን ወደ ብርሃን አዘነበለቻት። ከሥሯ አንድ አዲስ ጃኬት ዘረጋች፣ አስተያየች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች።

«ስንት ወር ለበስከው?» አለች ወደ ሰፊዋ ወንድም ዞራ።

«አስራ አንድ።»

«ቤት ውስጥ ነው ውጪ?»

«ጣውላ ግቢ ነኝ። ጣራ የለንም።»

«በምን ታጥበዋለህ?»

«ባገኘሁት ሳሙና።»

«አስራ አንድ ወር ፀሐይና ዝናብ፣ ልዩነቱ ይቺው ናት?» አለች፤ የጠየቀችው ግን ማንንም አልነበረም። በጥፍሯ የትከሻውን ስፌት ጎተተች፤ ጣውላ የተሸከመ ትከሻ ነው፣ አንድ ክር አልተነሳም። ከዚያ ጠረጴዛው ጋ ተመለሰች፣ የእስክሪብቶዋን ክዳን ከፈተች፣ «አርባ» የሚለውን ሰርዛ «ሠላሳ ዘጠኝ» ብላ ጻፈች። ማኅተሙን ስትመታ ቁልፎቿ ሁሉ አንድ ላይ ተንጫጩ። «የጎደለችዋን በሁለት ሳምንት አዲስ ሰፍተሽ ታመጪያለሽ። ለሹፌሮቹም ካፖርት አስባለሁ፤ ያኔ ጨርቁን አንቺ ትመርጫለሽ» አለች። ለወይዘሮ ቁልፍ ይህ ጭብጨባ ነው።

ወንድሟ ጃኬቱን መልሶ ለበሰና ሥራ ጥሎ መምጣቱን እያሰበ ቶሎ ቶሎ ወጣ። አንድ አውቶቡስ ሥር ተኝቶ የነበረ ሰው ከሥር ጀርባውን አይቶ፣ «ጥገና! እስቲ ያቺን መፍቻ አቀብለኝ» ብሎ ጮኸ። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ መፍቻውን አቀበለውና መንገዱን ቀጠለ። ሰፊዋ ከኋላው ሆና አየችውና ደረቷ ሞላ። ኮራች፤ በእጇም ኮራች፣ በወንድሟም ኮራች። ከአስራ አንድ ወር በኋላ በግቢ መሐል ቀና ብላ መራመድ እንዴት እንደሆነ ትዝ አላት።

ፌርማታው ላይ ጎን ለጎን ቆሙ።

«ወንድም ጋሼ፣ ለምን ለበስካት?»

«ብርድ ነበር።»

አውቶቡሱ እስኪመጣ ሌላ የሚናገር አልመሰላትም። እሱ ግን መንገዱን እያየ፣ ለራሱ እንደሚያወራ፣ «እታለም፣ ጽሑፉ ከጀርባ ነው፤ ለኔ አይታየኝም። የሚታየኝ ስፌቱ ነበር» አለ። ከዚያ ወደ ሥራው የሚሄደው አውቶቡስ መጣና ተሳፈረ። ሰፊዋ የገበታውን ዝምታ ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደ አዲስ መቁጠር ነበረባት። በስህተት የቆጠረችው ጆንያ ብቻ አልነበረም።

አመሻሹ ላይ ቤት ስትደርስ የወንድሟ ሚስት መጥረጊያ ይዛ ክፍሏ በር ላይ ቆማ ነበር። አልጋው ሥር ባዶ ሆኗል፤ ጡቦቹ ብቻ ቀርተዋል። ወሬው በስልክ ቀድሟታል። «እኔ የምልሽ» አለች መጥረጊያውን እያሻሸች፣ «ጆንያዎቹ ከሄዱ ክፍሉ ሰፊ ነው እኮ። ሌላ አልጋ ብናስገባበት ከልጅቷ ጋር ሁለታችሁንም…»

«ልጅቷ ትረፍበት፣ እትዬ። እኔ እሑድ እወጣለሁ፤ ማሽኔን ነገ ነው የማመጣው።»

ወንድሟ ገባ። ጃኬቱን አውልቆ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሎኑ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ያለው ምስማር ላይ ሰቀለው፤ ጀርባውን ወደ ሰው አድርጎ። ሚስቱ ጽሑፉን አየችው። ከዚያ ሰፊዋን አየቻት፣ ፊቷም ቀስ እያለ ቀላ።

«ጠዋት በስልክ… ሰምተሽኝ ነበር እንዴ?»

«ሰምቼሻለሁ።»

ሰፊዋ መጥረጊያውን ከእጇ ወሰደችላት።

«አንቺ ምን አጠፋሽ? የተጻፈውን ነው ያነበብሽው። ዛሬ ግን አርሜዋለሁ፤ በይ እንደገና አንብቢው።»